ከቀለም በፊት ጣሪያ፤ በጣና ዳርቻ ቤትን በጥቂት ወጪ ስለማሻሻል

የሚያዝያ ሠርግ በሚቃረብበት ወራት በባሕር ዳር የሕንፃ ዕቃ ሱቆች ደጃፍ ብዙ ደንበኛ የሚቆመው ቀለም ለመግዛት ነው። ሐምሌ ገብቶ ዝናሙ ሲበረታ ደግሞ ያው ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ሬንጅና ላስቲክ ይጠይቃል። በሚያዝያ የተቀባው ግድግዳ በሐምሌ ረጥቦ ቀለሙ እየተላጠ ወርዶበታልና። በዚህ ዐይነት አንድ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ይበላል፤ ባለቤቱም ከሁለቱ ወጪዎች የአንዱን እንኳ ጥቅም በሙሉ አያገኝም። ባለሱቁ ሁለት ጊዜ ሸጧልና ተጠቅሟል የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ ገንዘቡ የባከነበት ደንበኛ ለሦስተኛው ጊዜ የሚሄደው ወደ ሌላ ሱቅ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ለተከበሩት አንባብያን ልናመለክት የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤትን ማሻሻል ተራ ያለው ሥራ መሆኑን ነው። መጀመሪያ ውኃን መከልከል፣ ቀጥሎ የግድግዳውን እግርና ወለሉን ማጽናት፣ ከዚያ የወባ ትንኝን ማገድ፣ ከዚያ ሙቀትንና ጭስን ማስወጣት፣ በመጨረሻም ማስዋብ ይገባል። ተራው የተጠበቀ እንደሆነ በየዓመቱ የሚወጣው ጥቂት ገንዘብ ባለፈው ዓመት ወጪ ላይ እየተደመረ ይሄዳል፤ ተራው የተዛባ እንደሆነ ግን የአንዱ ጕድለት የሌላውን ሥራ ያፈርሰዋል።

ቤት ለባለቤቱ ምን ዐይነት ሀብት ነው?

በአገራችን የከተማ ቦታ ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ጀምሮ የመንግሥት ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ በንዑስ ቍጥር 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህም መብት መሸጥን፣ ማውረስንና ካሣ መጠየቅን ይጨምራል።

ነጋዴ የሆነ ሰው የዚህን ድንጋጌ ትርጕም በቀላሉ ያስተውለዋል። ባለቤቱ የራሴ ነው ብሎ ሊሸጠው ወይም ለልጆቹ ሊያወርሰው የሚችለው ሀብት በቦታው ላይ ያቆመው ቤትና ለቤቱ ያደረገው መሻሻል ነው። እንግዲህ ጣሪያውን የጠገነ፣ ወለሉን ያጸና፣ መስኮቱን ያሰፋ ሰው ለኑሮው ምቾት ብቻ አልደከመም፤ ሀብቱን ጨምሯል። ጣሪያው እያንጠባጠበ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ሀብቱ በየክረምቱ በጠብታ ሲፈስስ እያየ ተቀምጧል ማለት ነው። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለታቸው ቤት ለሚያሻሽል ሰው የተነገረ ይመስላል።

የከተማችን ቤቶች ጠባይ

ባሕር ዳር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በ1955 ዓ.ም.፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ከተቋቋሙ ወዲህ ለሥራና ለትምህርት የሚመጣው ሕዝብ እየበዛ፣ የሚከራየውም የሚሠራውም ቤት እየጨመረ ሄደ። ዛሬ በዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ላይ ፎቅና የብሎኬት ቤት ቢበዛም፣ ከጎዳናው ገባ ሲባል በባሕር ዛፍ ቋሚ ቆሞ፣ በጭቃና በጭድ ተመርጎ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ገና ብዙ ነው። ይህ ቤት የሚናቅ አይደለም። የጭቃ ግድግዳ ቀን የፀሐይን ሙቀት፣ ሌሊት የሐይቁን ብርድ ይከላከላል። ጠላቶቹም የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም ውኃና ምስጥ ናቸው።

ውኃው ምን ያህል እንደሆነ በቍጥር እንመልከተው። በባሕር ዳር በዓመት የሚዘንመው ዝናም 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የማያንሰው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ ስፋቱ 6 በ8 ሜትር፣ ማለት 48 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ በዓመት 67,200 ሊትር ውኃ ይቀበላል፤ ይህም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ቢለካ 336 በርሜል ይሆናል። በሁለቱ የክረምት ወራት ብቻ ከ160 በርሜል በላይ ውኃ ከጣሪያው ክፈፍ ላይ እየወረደ የግድግዳውን እግር ይደበድበዋል። ይህን ያህል ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ሳይወስኑ ግድግዳ መቀባት ከንቱ ድካም ነው።

ስለ ጣሪያና ስለ አሸንዳ

የጣሪያ ጥገና በጋ ሳለ በፀሐይ ይጀመራል። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ገብቶ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ሽቅብ ቢመለከት፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ቀዳዳ ሁሉ ክረምት ሲመጣ ውኃ የሚያሳልፍ መሆኑን ያውቃል። ቀዳዳውን በኖራ ወይም በጠመኔ አመልክቶ መያዝ ነው። ከቀዳዳው ብዙው ከሚስማር የመጣ ነው፤ ሚስማሩ በቆርቆሮው ሸለቆ ውስጥ የተመታ እንደሆነ ውኃው የሚወርድበት መንገድ እርሱ ነውና መፍሰሱ አይቀርም። ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው፤ ከራሱም ሥር የጎማ ቆብ ሊኖረው ይገባል። ጎማ የሌለው ሚስማር በዋጋ ይረክስ ይሆናል፤ ነገር ግን በቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ ከፍቶ ክፍቱን ከመተው የተለየ ሥራ አይሠራም።

ቆርቆሮ ሲገዛ ስለ ውፍረቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። በገበያችን ውፍረት የሚነገረው በጌጅ ሲሆን፣ ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32፣ ባለ 32ም ከባለ 35 ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ገዢ ትልቁ ቍጥር የተሻለ ይመስለዋል። ሳሳ ያለውን ቆርቆሮ በወፍራሙ ስም የሚሸጥ ነጋዴ በገበያችን ከቶ የለም ብለን ራሳችንን አናታልል። የእንዲህ ያለው ሽያጭ ትርፍ ያንድ ቀን ነው፤ ቆርቆሮው ዝጎ በተበሳ ጊዜ የሚነሣው ስም ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ከጣሪያው ቀጥሎ አሸንዳ ይመጣል። ብዙ ሰው አሸንዳን የሀብታም ቤት ጌጥ አድርጎ ያየዋል፤ እውነቱ ግን የጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት ይልቅ አሸንዳ ያሻዋል። አሸንዳ ገዝቶ ማሠራት የማይችል ሰውም ቢሆን ጣሪያው ከግድግዳው ወዲያ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ እንዲል ቢያደርግ፣ ውኃውም በሚወርድበት ልክ ጠጠር የተነጠፈበት ቦይ ቢያበጅለት ግድግዳውን ያድናል። አሸንዳውን ከበርሜል ወይም ከሮቶ ጋር ያገናኘ ሰው ደግሞ ለልብስ ማጠቢያና ለጓሮ አትክልት የሚሆን ውኃ ያለ ዋጋ ያገኛል፤ በርሜሉ ግን የትንኝ መፈልፈያ እንዳይሆን መክደኛ ሊኖረው ይገባል።

ለዚህ ሁሉ ምስክር ከሩቅ መጥራት አያሻንም። በዘጌ የሚገኘውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ የጥንት ግንበኞች ትልቁን ክብ ጣሪያ ከግድግዳው አልፎ እንዲወጣ አድርገው፣ ከሥሩም ሰው የሚቆምበት ሰፊ ጥላ እንዳበጁ ያስታውሳል። ሥዕሎቹ የተሣሉበት የመቅደሱ ግድግዳ ከዝናምና ከፀሐይ ርቆ በመካከል ይገኛል። እነዚያ ሊቃውንት መጀመሪያ ውኃውን አራቁ፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን አኖሩ። የዛሬው ጽሑፋችን ፍሬ ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ግድግዳ እግርና ስለ ወለል

ከክፈፍ የሚወርደው ውኃ መሬት ነጥሮ የግድግዳውን እግር እየሸረሸረ ምርጉን ያራግፋል፤ የረጠበው እንጨትም ለምስጥ ይመቻል። መድኃኒቱ በአካባቢያችን ሞልቶ የተረፈው ጥቁር ድንጋይ ነው። በቤቱ ዙሪያ ከመሬት በላይ 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ድንጋይ በሲሚንቶ ቢገነባና መሬቱ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ቢደረግ ግድግዳው እግሩን ያደርቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በእንጨት ላይ መቀባት ለጊዜው ምስጥን ያዘገይ ይሆናል እንጂ እርጥበቱ ሳይወገድ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ማገዶን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ አለመከመር፣ በግድግዳው ላይ የሚወጣውን የምስጥ የጭቃ መንገድም በየወሩ እየተመለከቱ ማፍረስ ምንም ወጪ የሌለው ጥበቃ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ስሕተት አዘውትሮ ይታያል። የጭቃ ግድግዳን ለማሳመር ሲሉ በቀጥታ ሲሚንቶ የሚለስኑ አሉ። ጭቃ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን እንደ እርሱ ስለማይሆን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውኃ ገብቶ ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ሲሚንቶ የግድ ከሆነ በግድግዳው ላይ የሽቦ መረብ በሚስማር አጥብቆ መለሰን ያሻል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በጭድ በደንብ የተብላላ ጭቃ ለስኖ በላዩ ኖራ መቀባት ነው፤ ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፤ ዋጋውም ለሁሉ የሚቻል ነው።

ወለልን በሚመለከት ከሩቅ አገር የመጣ ጥሩ ትምህርት አለ። በሜክሲኮ አገር በኮዋዊላ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ መንግሥት የአፈር ወለል ላላቸው ድኾች ቤቶች እስከ 50 ካሬ ሜትር የሚደርስ የሲሚንቶ ወለል እንዲያገኙ አደረገ፤ ወጪው ለአንድ ቤት 150 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የአፈሩ ወለል በሙሉ በሲሚንቶ በተተካበት ቤት በሕፃናት ላይ የሚታየው የሆድ ጥገኛ ትል በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስም በ81 በመቶ ቀንሷል። ይህ ሁሉ የተገኘው በአንድ ሊሾ ነው። በቤታችን የአፈር ወለል በእበት እየተለቀለቀ መኖሩ ከአቧራ ያድን እንደሆነ እንጂ በአፈሩ ላይ የሚድኸውን ሕፃን አያድነውም። ገንዘብ የሚያንሰው ሰው መጀመሪያ ልጆች የሚተኙበትንና የሚጫወቱበትን አንዱን ክፍል ብቻ ሊሾ ቢያደርግ፣ የቀረውን ለሚመጣው ዓመት ቢያቆየው መልካም ይሆናል።

ስለ መስኮትና ስለ ወባ

ጣና ለከተማችን ሲሳይ እንደሆነ ሁሉ፣ በዳርቻው የሚቋጠረው ውኃ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነው። የወባ ወራት የሚጠናውም ዝናሙ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል፤ ደጋማ ናቸውና ወባ አይደርስባቸውም ይባሉ የነበሩ ቦታዎች ሳይቀሩ ተጎድተዋል። ከዚያ ወዲህ ወባን የማጥፋት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ መድኃኒት ተረጨ፤ በኋላም አጎበር ታደለ። ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው። ባለቤት በራሱ እጅ ሊያደርገው የሚችለው ግን ትንኟ የምትገባበትን ቀዳዳ መዝጋት ነው።

ብዙ ሰው ትንኝ በመስኮት ብቻ የምትገባ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ዋናው መግቢያዋ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል የሚተወው ክፍተት ነው። ይህን ክፍተት አየር እንዲያሳልፍ በሽቦ ወንፊት፣ ወይም አየሩ በሌላ በኩል የሚበቃ ከሆነ በጭቃ መዝጋት ይገባል። ለመስኮትና ለበር የሚሆነው ወንፊት ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መሆን አለበት። በእንጨት ክፈፍ ላይ ተወጥሮ በማጠፊያ ቢታሰር፣ በሩም በራሱ እንዲዘጋ የሽቦ ሞላ ቢደረግለት ሥራው የተሟላ ይሆናል። የአንዱ መስኮት ወንፊት ተቀዶ ሳይጠገን ከቀረ የሌሎቹ መዘጋት ብዙም አይጠቅምም።

የዚህም ጥቅም ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው። በምዕራብ አፍሪካ በጋምቢያ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ በርና መስኮታቸው እንዲሁም የጣሪያ ሥር ክፍተታቸው የተዘጋላቸው ቤቶች የሚገባባቸው የወባ ትንኝ ቍጥር በ59 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከጣሪያው በታች በመረብ ኮርኒስ ብቻ የተጋረዱትም በ47 በመቶ ቀንሶላቸዋል። በእነዚህ ቤቶች ከሚኖሩ ሕፃናት የደም ማነስ ያለባቸው ከመቶው 12 ሲሆኑ፣ ምንም ባልተደረገላቸው ቤቶች ግን 19 ነበሩ። ወንፊት የአጎበርን ቦታ አይተካም፤ አጎበር የሚጠብቀው ተኝቶ ያለውን ነው፤ ወንፊት ግን በምሽት ራት የሚበላውንና ትምህርቱን የሚያጠናውን ልጅ ጭምር ይጠብቃል።

ስለ ኮርኒስ፣ ስለ ወጥ ቤትና ስለ መብራት

ከመጋቢት እስከ ግንቦት በባሕር ዳር የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት እንደ ምድጃ ይግላል። ኮርኒስ በቆርቆሮውና በሰው መካከል አየር ያኖራል፤ የዝናሙንም ጩኸት ያበርደዋል። ቺፑድ ማሠራት የማይችል ሰው ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ፣ ወጥሮና ነጭ ቀለም ቀብቶ ማዋሉ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ሆኖም የመብራት ሽቦ ከበላዩ ሲያልፍ ራቁቱን እንዳይሆን፣ ከአምፖሉም እንዲርቅ መጠንቀቅ ያሻል። በሁለቱ የጣሪያ ራሶች በኩል በወንፊት የተጋረደ ትንሽ መተንፈሻ ቢተው ሙቀቱ ይወጣል።

በወጥ ቤት በኩል ትልቁ ጠላት ጭስ ነው። እናቶቻችንና እኅቶቻችን እንጀራ በሚጋግሩበት ጊዜ የሚስቡት ጭስ ዐይንንና ሳንባን እንደሚጎዳ ማንም ያውቃል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲመዛዘን የማገዶውን ግማሽ ያህል ያተርፋል። ከምድጃው በላይ ጭስ ማውጫ ቢቆም፣ ከግድግዳውም በላይ በኩል መውጫ ቢከፈት ወጥ ቤቱ ሰው የሚቆምበት ይሆናል፤ የዋናው ቤት ግድግዳም ጥላሸት አይለብስም።

በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻዋል። ኀይሉ 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ መሰካት ቤትን ለእሳት መስጠት ነው። ለምጣዱ ከቆጣሪው የሚነሣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም መስመር በባለሙያ ማስዘርጋት ይገባል። ቤት የሚገዛ ወይም የሚከራይ አስተዋይ ሰውም ከቀለሙ በፊት የሚመለከተው ይህን ነው።

ቀለም በመጨረሻ

ጣሪያው የደረቀ፣ እግሩ የጸና፣ ቀዳዳው የተዘጋ ቤት ያን ጊዜ ቀለም ይገባዋል። የውስጡ ግድግዳ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቢሆን ብርሃን ይጨምራል፤ አንድ አምፖልም የሁለት ያህል ያበራል። ጨለማ ለሆነ ክፍል በጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ ቅጠል መክደን፣ ከተቻለም ጠባቡን መስኮት ማስፋት ከብዙ ጌጥ ይበልጣል። የእንጨት በርና መስኮት ከመቀባቱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈግ፤ ስንጥቁም በስቱኮ ይሞላ። በረጠበ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ግን፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ቀለም ቀቢውን እንጂ ባለቤቱን አይጠቅምም።

ከነጋዴው የሚጠበቅ

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። ከላይ የዘረዘርናቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ ትናንሾች ናቸው፤ ባለ ጎማ ሚስማር፣ የአሸንዳ መያዣ፣ የሽቦ ወንፊት፣ ማጠፊያ፣ የበር ሞላ፣ ስቱኮ። ትልቅ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ ስለ ትርፋቸው ማነስ አንዳንድ ጊዜ ይንቃቸዋል። ነገር ግን ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ቤት በሚሠራበት ጊዜ አንዴ ይመጣል፤ ትናንሾቹን ዕቃዎች የሚገዛው ግን በየዓመቱ ይመጣል።

ለአስመጪው የምናሳስበው ስለ ወራቱ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ይገባል። የገበሬው እህልና የዘጌ ቡና ተሸጦ ገንዘብ በሰው እጅ የሚገባው በበጋው ወራት ነው፤ የጣሪያና የአሸንዳ ሥራ የሚሠራውም ከጥር እስከ ግንቦት ነው። ስለዚህ የጣሪያ ዕቃ በታኅሣሥ መጋዘን ውስጥ መገኘት አለበት፤ ወንፊትም የወባው ወራት ሳይደርስ፣ ከነሐሴ በፊት ሊገባ ይገባል። በሰኔ የሚደርስ አሸንዳና በጥር የሚደርስ ወንፊት ወረት አስሮ የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

ለላኪውም ይህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። የመጋዘን ጣሪያ እንደ መኖሪያ ቤት ጣሪያ ያፈስሳል፤ የመጋዘን ወለልም እርጥበት ይስባል። ቡናን፣ ኑግንና ጥራጥሬን ከወለል ከፍ አድርጎ በእንጨት ርብራብ ላይ ማኖር፣ ከግድግዳም ማራቅ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ በወንፊት የተጋረደ መስኮት ማበጀት የዕቃውን ደረጃ ይጠብቃል። ሻጋታ ያወረደውን የዕቃ ዋጋ የሚመልስ ድርድር የለም።

ለባለሱቁ ግን ከሁሉ የበለጠ ድርሻ አለው፤ ምክሩ የሚሰጠው ከእርሱ ሣንቃ ላይ ነውና። እስቲ እንዲህ ያለ ንግግር በሱቃችን ቢሰማ ብለን እናስብ።

«ልጄ፣ ለሳሎን የሚሆን ነጭ ቀለም ስጠኝ፤ ሠርግ ደርሶብኛል።»

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ እማማ። ግድግዳው በክረምት ይረጥባል?»

«በጓዳው ማእዘን በኩል ያረጥበዋል፤ በየዓመቱ ነው።»

«እንግዲያውስ ቀለሙን ዛሬ አይውሰዱ። በመጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ባለ ጎማ ሚስማርና ለዚያ ማእዘን የሚበቃ አሸንዳ ይውሰዱ። ጣሪያው ተበጅቶ ግድግዳው ከተለሰነና ከደረቀ በኋላ ለቀለሙ ይመለሳሉ፤ እኔም አስቀምጬልዎት እቆያለሁ።»

ይህ ባለሱቅ በዚያ ቀን ውድ የሆነውን ዕቃ ሳይሸጥ፣ ርካሹን ሸጦ ቀርቷል። ሠርጉ ካለፈ፣ ክረምቱም ከወጣ በኋላ ግን ያች እናት ግድግዳዋ ነጭ እንደ ሆነ ስታየው ለጎረቤት ሁሉ የምትናገረው ስለ ማን ይመስላችኋል?

ለዚህ ብዙ ዝግጅት አያስፈልግም። ሚስማርን በግማሽ ኪሎ፣ ወንፊትን በሜትር፣ መስታወትን በልኩ ቆርጦ መሸጥ፤ የቆርቆሮውን ጌጅ በግልጽ ጽፎ መለጠፍ፤ የታመኑ የእጅ ባለሙያዎችን ዐውቆ ለጠያቂ ማመልከት፤ ከደንበኛውም «ምን ልስጥዎት?» ከማለት በፊት «ቤቱ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ደመናው ከጣና ማዶ ገና ሳይነሣ፣ እያንዳንዱ አንባቢ በመጀመሪያ ወደ ገዛ ቤቱ ገብቶ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ሽቅብ ይመልከት። ብርሃን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ቆጥሮና ዘግቶ ሲያበቃ፣ በማግሥቱ ለደንበኛው የሚሰጠውን ምክር ከማንም ሳይማር ያገኘዋል።